ገናን ከልጅ ጋር፦ ማርቆስ ቤታችን ወይስ ገጠር አያቶቿ ጋ?

ልጃችን ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ የቤታችን ክርክር አንድ ነው፤ ደብረ ማርቆስ እንዋል ወይስ ደምበጫ ገጠር አያቶቿ ጋ እንሂድ?

ቤት መዋል ለእንቅልፏ ይመቻል። ሌሊት አንዳችን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሌላችን ከእሷ ጋር እንቀራለን። ቄጤማ መጎዝጎዝ የእሷ ሥራ ነው፤ ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ግማሹ ጭንቅላቷ ላይ። ዶሮ ወጡ ስለሚያቃጥላት እንቁላሉን አጠብ አድርገን ከአይብ ጋር እንሰጣታለን። እውነቱን ለመናገር ግን ከሰዓት በኋላ ይደብራል። ጎረቤት ቡና ጠጥቶ ሲወጣ ካርቱን ይከፈታል፣ በዓሉም እዚያው ያበቃል።

ገጠር ሌላ ዓለም ነው። ሜዳው ላይ ገና ሲመታ አያቷ ትከሻቸው ላይ ያወጧታል፤ ሩሯ በተመታች ቁጥር ትጮሃለች። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ዱላው ግን ልጅም አይለይ፣ ራቅ ብሎ ማየት ነው። ጥጃ ስታሻሽ ትውላለች። ካርቱን ትዝም አይላት።

ችግሩ ሌሊቱ ነው። የታኅሣሥ ብርድ ቀልድ አያውቅም፣ ከሰል ቤት ይገባል። በተዘጋ ክፍል ከሰል የሚያወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። አያቷ ቅር ቢላቸውም ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን ደጅ እናወጣለን። ጋቢ ደርበን፣ እሷን መሃል አድርገን እንተኛለን።

ዘንድሮ ለገና ማርቆስ ነን። ለጥምቀት፣ ጥር 11፣ ደምበጫ። አያቷ ከአሁኑ ቀን እየቆጠሩ ነው።