ሳይጎን ላይ የሞተር ምግብ ቱር ልትይዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ!

ደሜ ገና አልበረደም፤ ጽሁፉ ቢዘበራረቅ ታገሱኝ። አየር መንገዳችን ሃኖይ መብረር ስለጀመረ ቬትናምን ያሰባችሁ አትጠፉም ብዬ ነው።

ያለነው ሆ ቺ ሚን ከተማ ነው፤ ሰዉ ግን አሁንም በድሮ ስሟ ሳይጎን ይላታል። ሻጩን ታውቁታላችሁ። ሆቴል ሪሴፕሽን አጠገብ የፎቶ አልበም ይዞ የሚቀመጥ፣ ሁሉንም «ማይ ፍሬንድ» የሚል ፈገግተኛ ልጅ። ማታ ሞተር ላይ ከኋላ ትፈናጠጣላችሁ፣ ከሰፈር ሰፈር እየዞራችሁ የመንገድ ዳር ምግብ ትቀምሳላችሁ። ሹፌሩም፣ ሄልሜቱም፣ ምግቡም ዋጋው ውስጥ ነው። ለአንድ ሰው 1,200,000 ዶንግ ጠየቁን። ዜሮው አያስደንግጣችሁ፣ 45 ዶላር ገደማ ነው። ግን በዚያው ከተማ መንገድ ላይ አንድ ባን ሚ ሳንዱች ከ1 እስከ 2 ዶላር እንደሚገዛ አትርሱ።

ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። አሳማ ሁለታችንም አንነካም። ቬትናም ውስጥ ደግሞ ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ባን ሚው ላይ የሚቀባው ፓቴ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ጉበት ነው፣ ኮም ታም በሚሉት ስባሪ ሩዝ ላይ የሚጋደመው ጥብስ የአሳማ ነው፣ የስንቱ ኑድል መረቅ የሚፈላው ከአሳማ አጥንት ነው። ይህን ስለምናውቅ ገና ሳንከፍል በዋትሳፕ ጻፍንላቸው። አሳማ በፍጹም፤ ስጋውም ስቡም። «ችግር የለም፣ ሁልጊዜ እንደናንተ ዓይነት እንግዳ እናስተናግዳለን» የሚል መልስ መጣ፣ ከነአውራ ጣቱ። ከዚያ ሙሉውን ብር በካሽ ተቀበሉን።

አጀማመሩ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ከቀድሞው 1ኛ ዲስትሪክት (እንደ ክፍለ ከተማ ያለ ነው) ድልድዩን ተሻግረን የቀድሞው 4ኛ ዲስትሪክት፣ ቪን ካን መንገድ ገባን፤ ቀንድ አውጣና ዛጎል የሚበላበት ሰፈር ነው። እኛ ቀንድ አውጣውን በዓይናችን ብቻ ቀምሰን አለፍን። ቀጥሎ የቀድሞው 10ኛ ዲስትሪክት፣ ሆ ቲ ኪ የሚባለው የአበባ ገበያ። እዚያ አካባቢ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ ጉልበትህ አገጭህን በሚነካበት ትንንሽ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ አስቀመጡን።

መጀመሪያ ቦ ላ ሎት መጣ። የተፈጨ የበሬ ስጋ በቅጠል ተጠቅልሎ ከሰል ላይ የሚጠበስ ነው፤ ይጣፍጣል። ወዲያው ሌላ ሳህን ተከተለ፤ እንጨት ላይ የተሰካ፣ ሮዝ መሳይ ጥብስ። ጓደኛዬ «ይሄስ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ቢፍ፣ ቢፍ» አለ። ጓደኛዬ ለራሱ ጎረሰ፣ እኔንም አጎረሰኝ። ሁለተኛውን ልናነሳ ስንል ያው አስጎብኚ ወደ ጎን ጠረጴዛ ዞሮ ለቡድናችን አውስትራሊያውያን ያንኑ ጥብስ ማስረዳት ጀመረ። ኔም ንዎንግ ይባላል፣ አሳማው በደንብ ተወቅጦ በነጭ ሽንኩርት ይታሻል፣ እያለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። እንግሊዝኛ አይሰሙም ብሎ ነው እንዳልል፣ ከእኛ ጋር ሲያወራ ያመሸው በእንግሊዝኛ ነው እኮ!

ጓደኛዬ እንጨቱን አስቀምጦ ተነሳ። ምንም አላለም፤ እሱን የሚያውቅ ይሄ ዝምታ ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ነኝ የጮህኩት። «ቢፍ ነው አላልከንም?»

ሳቀ። በቃ፣ ሳቀ! «ትንሽ እኮ ነው፤ ደግሞ ወዳችሁታል» አለና ወደ ሹፌሮቹ ዞሮ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ጣል አደረገ። እነሱም ሳቁ።

በግርግሩ ሳህን ተቀያይሮ ቢሆን ይቅር እል ነበር። ይሄ ግን ስህተት አይደለም። ለሁለት ሰው ለየት ያለ ነገር ማዘዝ ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ማዘዝ ይረክሳል፤ ስለዚህ ቢፍ በላቸውና ይብሉ፣ ማን ያውቃል? ሂሳቡ ይሄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያልነካውን ነገር ለአምስት ዶላር ትርፍ ብለህ ሰው አፍ ውስጥ ትከታለህ፣ ከዚያ ትስቃለህ።

ማታውኑ ገንዘባችን ይመለስ ብለን ጻፍን። መልሱ ፎቶ ነው። እኔ ነኝ፣ ያንን እንጨት ይዤ፣ ጥርሴን ገልጬ። ገና ምን እንደበላሁ ሳላውቅ ራሳቸው ያነሱኝ ነው። ከስሩ «ደስተኛ ትመስላለህ» ይላል፣ ከሚስቅ ፊት ጋር። ደግመን ስንጽፍ አነበቡት፣ አልመለሱም። ሆቴሉም «እነሱ የእኛ ሠራተኞች አይደሉም» ብሎ እጁን ታጠበ፤ ልጁን ሪሴፕሽናቸው ላይ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ግን ሊነግሩን አልቻሉም። የሄልሜቱ ማሰሪያ የተበጠሰ መሆኑንማ ተዉት።

መሄዳችሁ ካልቀረ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ፣ በተለይ በካሽ። የማትበሉትን ነገር ስልካችሁ ላይ በቬትናምኛ አስተርጉማችሁ አስጎብኚውን ሳይሆን የምታበስለዋን ሴትዮ አሳዩዋት። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ «ኮም ቻይ» (ከስጋ ነጻ ምግብ) የሚል ቤት ፈልጉ። ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ስጋ ስለማይበሉ እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም፤ ያለ ሞተርም ያለ አስጎብኚም በእግራችሁ ትሄዱበታላችሁ።