ቀይ ምልክት የሌለበትን ውጤት ላያችሁልን፣ እግዜር ይስጥልን

ይህ ምስጋና ለዋርዳችን ክሊኒካል ፋርማሲስቶችና ለላብራቶሪ ተረኞች ነው። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱም፣ አልጠራንም። ሥራቸው ግን ይታወቅላቸው።

ሌላ ቦታ የሚሆነው ይታወቃል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ይጀመራል፣ የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ወረቀት ይመጣል፣ ካርዱ ውስጥ ይሰካል፣ አለቀ። ከትናንት በስቲያው ጋር የሚያስተያየው የለም። ሄፓሪን ደግሞ በአንዳንዱ ሰው ላይ ተገላቢጦሽ ይሆንና ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ሴል) እያወረደ ደሙን ያረጋል። የታካሚው እግር ካበጠ በኋላ ወረቀቱ ሲገለጥ፣ ፕላትሌቱ ከወረደ ሦስት ቀን አልፎታል። የቦታዎቹን ስም እንተወው።

እዚህ የኮምፒውተር ፕሮግራማችን የመድኃኒት ዝርዝሩን ከላብ ውጤቱ ጋር ያገናኛል። ሄፓሪን ላይ ያለ ሰው ፕላትሌቱ ከመነሻው በግማሽ ሲቀንስ ይጮኻል። 320,000 የነበረው በ7ኛው ቀን 152,000 ቢሆን ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይወጣም፤ ከ150,000 በላይ ነዋ! ግን ከግማሽ በላይ ጠፍቷል፣ ቀኑም ከ5 እስከ 10 ባለው አደገኛ ጊዜ ውስጥ ነው። ባለፈው አንድ ወር ሄፓሪን የወሰደ ሰው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊወርድበት ይችላል። ይህን ማሽኑ ከየት ያውቃል? ፋርማሲስቶቹ ታካሚው ሲተኛ ጠይቀው ያስገቡለታል።

ማሽን ብቻውን ያሳስታልና ላብራቶሪዎቹን ደጋግመን እናመስግን። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ (ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው) የአንዳንዱን ሰው ፕላትሌት እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ቆጣሪው የተጣበቀውን በትክክል ስለማይቆጥር ቁጥሩ ያለ በሽታ ይወርዳል። ሌሊት 8 ሰዓትም ቢሆን ተረኛው ቱቦውን አዘንብሎ የረጋ ደም ይፈልጋል፣ ስሚር ሠርቶ (ደሙን መስታወት ላይ ቀብቶ) ጠርዙን በማይክሮስኮፕ ያያል። ክምችት ካገኘ ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቱቦ ያስደግምና ውጤቱን በ1.1 ያባዛል፤ ፈሳሹ ደሙን ስለሚያቀጥነው። ከዚያ ይደውላል፦ «ስሚሩን አይቼዋለሁ፣ አልተጣበቀም፣ እውነት ነው።» ይህቺ ስልክ ወርቅ ናት።

ፋርማሲስቷ በእግሯ ትመጣለች። ሄፓሪን ይቆማል፣ የደም ሥር ቱቦ የሚታጠብበትም ጭምር፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኢኖክሳፓሪንም የሄፓሪን ዘመድ ነውና ምትክ አይሆንም። ማቆም ብቻም አይበቃም፤ ፕላትሌት ወርዶ ሳለ የሚያሰጋው መድማት ሳይሆን መርጋት ስለሆነ ሌላ ዓይነት የደም ማቅጠኛ ያስፈልጋል። በአፍ የሚወሰደው ማቅጠኛ ዋርፋሪን ፕላትሌቱ 150,000 እስኪደርስ ይቆያል።

ፒቲዩ (ነጭ የደም ሴልን ሊያወርድ የሚችል የታይሮይድ ኪኒን) ይዘው ወደ ቤት ለሚሄዱት ፕሮግራሙ አይደርስላቸውም። ፋርማሲስቷ ግን «ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣብዎት ኪኒኑን አቁመው የዚያኑ ቀን ሲቢሲ ይሠሩ» ብላ ፓኬቱ ላይ ትጽፍላቸዋለች።

ሆስፒታል የምትሠሩ፣ እባካችሁ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ካሏችሁ ሥልጣን ስጧቸው። በአንድ ሕግ ጀምሩ፣ በሄፓሪን። ኮምፒውተር ከሌለም አንድ ደብተር ይበቃል፦ ስም፣ ሄፓሪን የተጀመረበት ቀን፣ የመነሻ ፕላትሌት፣ የዛሬው።