ደሴ ላይ ቤት ከመግዛታችን በፊት የመረመረልን መሐንዲስ

ባለፈው በጋ ከጦሳ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ የሚሸጥ የብሎኬት ቤት አግኝተን ነበር። ከገንዘቡ ግማሹን የምታዋጣው አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ግን ቤቱን ባለሙያ ሳያየው ቀብድ እንዳይከፈል አጥብቃ ስላሳሰበችኝ፣ አንድ ሲቪል መሐንዲስ በክፍያ አስመጣሁ።

የምርመራውን ሥራ ከልቤ አደንቃለሁ። የሳሎኑን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ልስኑ ከብሎኬቱ የለቀቀበትን ቦታ በድምፁ ብቻ ለየ። የጓዳውን በር መቃን በካቻቢቴ ሲወጋው ብረቱ እስከ እጀታው ሰመጠ፤ ቀለሙ ደህና የነበረውን እንጨት ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል። ከሁሉ የከበደው ግን ከቤቱ በስተጀርባ ያለው የድጋፍ ግንብ ነበር። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ውኃ ከእንዲህ ያለ ግንብ ጀርባ ይጠራቀማል፤ መውጫ ካጣም አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ይከብድና ግንቡን ይገፋዋል። በዚያ ግንብ ላይ አንድም የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ አልነበረም፤ መሐንዲሱ ቱንቢ ሲጥልም አናቱ ወደ ቤቱ ማዘንበሉ ታየ። ቤቱን ሦስት ጊዜ ስንጎበኝ ማናችንም ልብ አላልነውም።

ቅር ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያገኘውን በቃል ነግሮኝ ሊሄድ ሲል በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፤ ከአራት ቀን በኋላ የደረሰኝ አንድ ገጽ ግን ፎቶግራፍ የለውም፣ ያልታየውንም አይናገርም። ጣሪያው ላይ እንዳልወጣና የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን እንዳላነሣ የማውቀው አብሬው ስለዋልኩ ብቻ ነው። በዚያው ላይ ግንቡን ራሱ ሊያድሰው ዋጋ አቀረበልኝ።

ይህን ስነግራት እህቴ ወዲያው «የየትኛው ማኅበር አባል ነው?» አለችኝ። እሷ ባለችበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማኅበር አባላቱ የመረመሩትን ቤት እስከ 1 ዓመት ድረስ በክፍያ እንዳይጠግኑ፣ ደንበኛ ላመጣላቸው ደላላም ኮሚሽን እንዳይከፍሉ በሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክላል። አባልነት ብቻውንም ብቃትን አያረጋግጥም፤ የማኅበሩን የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኘው ፈተናውን ያለፈና 250 ምርመራዎችን በክፍያ ያካሄደ መርማሪ ነው። የኛ መሐንዲስ ያሳየኝ ፈቃድ የሲቪል ምሕንድስና እንጂ ለቤት ምርመራ ተብሎ የተሰጠ አይደለም። ዕውቀት አልጎደለውም፤ የጎደለው ያላየውን እንዲጽፍና ከጥገናው ጥቅም እንዲርቅ የሚያስገድደው ደንብ ነው፤ ገዢን የሚጎዳውም ይኸው ነው።

ሻጩ ግንቡን በሌላ ባለሙያ ለማሠራት የሚበቃ ገንዘብ ከዋጋው ላይ ቀነሱልን። መሐንዲሱን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ እጠቁማለሁ፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ያለው ሪፖርት እንደሚሰጥ፣ ያልታየውን ክፍል እንደሚዘረዝርና ጥገናውን እንደማይወስድ አስቀድሞ በውል ላይ ይፈርምላችሁ።