ፉጨቱን አዳምጠው ላገኙልኝ መካኒክ ምስጋና

ከሰንዳፋ፣ ከአለልቱና ከሸኖ አካባቢ ገበሬዎች ወተት ሰብስቤ አዲስ አበባ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ እወጣለሁ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወተቱ ካፌዎቹ በር ላይ መድረስ አለበት። የምነዳው በፈረንጆቹ 2009 የተሠራ፣ ባለ 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። መንገድ ላይ ከቆመብኝ ወተቱ በየጣሳው ይበላሻል፤ ኪሳራው ለእኔም ለገበሬዎቹም ነው። ለአንድ መካኒክ ይህን ያህል የምጽፈው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ባዶ ጣሳዎች ጭኜ ወደ ሸኖ ስወጣ ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ሰማሁ። እረኛ በጣቱ እንደሚያፏጨው ቀጭን ሆኖ ይጀምርና ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። እግሬን ሳነሳ ጭጭ ይላል። በሳምንቱ ዳገት ላይ ጉልበቱ ቀነሰ፤ በሦስተኛ ማርሽ የምወጣውን በሁለተኛ መውጣት ጀመርኩ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ጥቁር ጭስ አየሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ መኪናውን በቆመበት አስነስቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ቱርቦው አልቋል» አለኝ። ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል ነው፤ አዲሱ ከነሥራው ከ100 ሺህ ብር በላይ እንደሚያስወጣኝ ተነገረኝ። ፉጨቱ መኪናው ቆሞ እንደማይሰማና ዳገት ላይ ብቻ እንደሚመጣ ባስረዳም የሰማኝ አልነበረም። ያን ዕለት ማታ የዕቁብ ዕጣዬን እንዲያስቀድሙልኝ ሰብሳቢያችንን ለመንኩ። በማግስቱ ዋጋ ልጠይቅ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። እዚያ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ የመኪናውን ጠባይ ከጠየቀኝ በኋላ፣ ሊሸጥልኝ ሲችል፣ «እኅቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት ሳሪስ ላሉት ሽማግሌ መካኒክ አሳዪያቸው» አለኝ። ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሽማግሌው መካኒክ ኮፈኑን ወዲያውኑ አልከፈቱም። በርጩማ አቀረቡልኝና ይጠይቁኝ ጀመር። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይብሳል ወይስ ሲሞቅ? ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ ብትሰጪው ያፏጫል? የሞተር ዘይት ትጨምሪያለሽ? ጭሱ ጥቁር ነው ወይስ ሰማያዊ? ሁሉንም መለስኩላቸው። ከዚያ «ቱርቦ ሁሉ ያፏጫል፣ ልጄ። እኔ የምፈልገው ከወትሮው የተለየውን ነው» አሉና አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ቃሊቲ ወጣ ብለን ተመለስን። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ ነበር።

ስንመለስ ያስረዱኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ናፍጣ መኪና ላላችሁ ሁሉ ይጠቅማል። የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ካፈሰሰ ድምፁ ፉጨት ከመሆን ይልቅ ቱፍ ቱፍ የሚል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይጎላና ብረቱ ሲግል ይቀንሳል። ቱርቦው ራሱ ከተጎዳ እንደ አምቡላንስ ጩኸት የሚጎተት ድምፅ ይሰማል፤ ዘይት የሚጨርስና ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣም ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ጭነት ሲበዛበት ብቻ የሚመጣና እግር ሲነሳ የሚጠፋ ቀጭን ፉጨት ግን፣ ቱርቦው የጨመቀው አየር ወደ ሞተሩ ሳይደርስ በመንገድ ላይ እንደሚያመልጥ ያመለክታል። የጥቁሩ ጭስ ምክንያትም ይኸው ነው። የአየር መለኪያው የተቀመጠው ከቱርቦው በፊት ስለሆነ ኮምፒውተሩ አየሩ በሙሉ ሞተሩ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። በዚያው ልክ ናፍጣ ይረጫል፤ አየሩ ግን ጎድሏል።

በግምት አልቆሙም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ከቱርቦው አፍ ላይ አወለቁ። የቱርቦውን ዘንግ በጣታቸው ነቀነቁ፤ እኔም እንድነካው አደረጉ። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ ዘይቱ የሚቀመጥበት ክፍተት በመሆኑ ጤነኛ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢሄድ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን የቧጨሩበት ምልክት ቢኖር ክፉ ነበር። አልነበረም። ቀጥለው የቱርቦውን አፍ የአየር መግቢያ በተገጠመለት ክዳን ዘጉና ከኮምፕሬሰር 1 ባር ያህል ግፊት ያለው አየር ለቀቁበት። በኦሞ የተበጠበጠ ውኃ በየመጋጠሚያው ረጩ።

ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ማለትም የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ በሚሄደው ጎማ ቱቦ ሥር አረፋው ሲፈላ አየሁት። ቀዳዳው የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነው። ከታች በኩል ወደ ሞተሩ የዞረ በመሆኑ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። አየር ሲገባበት ይከፈታል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ከንፈሩ ይገጥማል። ለዚህ ነበር መኪናው በቆመበት ምንም የማይሰማው! ዙሪያው በዘይት የረጠበ ጥቁር አቧራ ይዟል። ማሰሪያው ከመጠን በላይ ጠብቆ ጎማውን እንደቆረጠው፣ የዘይቱ ትነትም ጎማውን እንዳለሰለሰው አሳዩኝ።

በላስቲክ ጠቅልለው እንዲሸኙኝ ጠይቄያቸው ነበር፤ ወተቱን እያሰብኩ። እምቢ አሉ። ሸኖ መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦው እዚያ ሲደርስ ድሮም ብዙ ይደክማል፤ አየር እያፈሰሰ ከሠራ ደግሞ የጎደለውን ለመሙላት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ነገር ነው። «እንዲህ ከነዳሽው ያኔ የእውነት ቱርቦ ትገዣለሽ» አሉኝ። ጠንካራ ቱቦ ከነማሰሪያው አስመጥተው ገጠሙልኝ። የመጋጠሚያዎቹን ሁሉ ማሰሪያ ፈተሹ፤ አየሩን እንደገና ለቀው አረፋ አለመኖሩን በዓይኔ አሳዩኝ። አሮጌውንም ቱቦ በእጄ ሰጡኝ።

የከፈልኩት የቱቦውን ዋጋና የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚሸጠው ወተት ይሸፍነዋል። ትርፍ ልጨምርላቸው ብል አልተቀበሉም። ዕቁቤም በተራዬ ይደርሰኛል። አንድ ምክር ጨምረውልኛል፤ ዳገት ወጥቼ ስቆም ሞተሩን ወዲያው እንዳላጠፋና አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ እየሠራ ዘይቱ ቱርቦውን እንዲያቀዘቅዘው ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ ቦታቸው ጠባብ ነው፣ የሚረዳቸውም አንድ ልጅ ብቻ ነው። መኪናችሁ እንዲህ የሚያደርግባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አስቀድሜ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ለጥቂት ቀናት አስተውላችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ቸኩላችሁ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ሂዱ፤ እርሳቸው ሳይጨርሱ መኪና አይለቁም።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት ነግሮኛል። ዛሬ የሸኖን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ፣ ፉጨት የለም። ወተቱም 2 ሰዓት ሳይሞላ ደርሷል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።