ስሙ ከቁጥሩ የማይገጥም ቦርድ፦ የኖድኤምሲዩ ግምገማ

ኢኤስፒ8266 ቺፕን የያዘው ኖድኤምሲዩ ዋይፋይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (መሣሪያዎችን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) ለሚፈልግ ጀማሪ ዛሬም ጥሩ ምርጫ ነው፤ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ ኮድ ለመጫንም ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። ለወራት ከሠራሁበት በኋላ ግን በዋናነት ልገመግመው የምፈልገው ከፒኖቹ (ሽቦ ከሚገናኝባቸው የቦርዱ እግሮች) አጠገብ የታተሙትን ስሞች ነው፤ ተጠቃሚውን ከምንም በላይ የሚያደክሙት እነርሱ ናቸውና።

በቦርዱ ላይ ዲ1 የተባለው ፒን በቺፑ አጠራር ጂፒአይኦ5 ነው (ጂፒአይኦ የቺፑ የግብዓትና የውጽዓት ፒን መጠሪያ ነው)፤ ዲ2 ጂፒአይኦ4፣ ዲ5 ጂፒአይኦ14፣ ዲ0 ደግሞ ጂፒአይኦ16 ነው። አርዱዊኖ በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ በሚጻፍ ኮድ ውስጥ ብቻውን የተጻፈ ቁጥር የሚያመለክተው የቺፑን ቁጥር ስለሆነ፣ ኤልኢዲውን ዲ5 ላይ ሰክቶ በኮዱ 5 ብሎ የጻፈ ሰው በእርግጥ የሚያዘው ዲ1ን ነው። ኮዱ በሰላም ይጫናል፣ የስህተት መልእክት አይመጣም፣ መብራቱ ግን አይበራም። እኔም ምንም ሳይበላሽ ሬዚስተርና ሽቦ ስቀያይር አንድ ምሽት አባክኛለሁ።

ስያሜው ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ቦርዱ የተዘጋጀው ሉዋ በተባለው ቋንቋ ለሚታዘዝ ፈርምዌር (በቺፑ ላይ የሚጫን መሠረታዊ ፕሮግራም) ሲሆን፣ በዚያ ፈርምዌር 1 ማለት ጂፒአይኦ5 ነው፤ ስለዚህ የታተመው ቁጥር በሉዋ ለሚጽፍ ሰው ትክክል ነው። ያው 1 በአርዱዊኖ ሲጻፍ ጂፒአይኦ1 ይሆንና የሲሪያል መላኪያውን ፒን (ወደ ኮምፒውተር መረጃ የሚልከውን) ይነካል። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ቦርድም ቢሆን የራሱን ስም ነው የሚጠቀመው፤ 13 የሚለው ፒን በአትሜጋ328ፒ ቺፕ ፒቢ5 ይባላል፣ ባለ28 እግር በሆነው ቺፕ ላይ ደግሞ 19ኛው እግር ነው። ሆኖም የታተመውና በኮድ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው የቀሩትን ሁለት ስሞች ሳያውቅ ዓመታት ሊሠራ ይችላል።

በኖድኤምሲዩ ላይ የሚሻለው ዲ5 ብሎ እንደታተመው መጻፍ ነው፤ ለዚህ ግን በአርዱዊኖ ከቦርዶች ዝርዝር ውስጥ ትክክለኛው ስም መመረጥ አለበት። በማይክሮፓይተን (ለማይክሮኮንትሮለር በተዘጋጀው የፓይተን ቋንቋ) የሚሠራ ሰው የቺፑን ቁጥር ይጠቀማል።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ስሞቹ ሳይናገሩ የሚያልፉት ነገር ነው። ዲ3 እና ዲ4 ቦርዱ ሥራ ሲጀምር ከፍ ያለ፣ ዲ8 ደግሞ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ላይ መገኘት አለባቸው፤ ዲ3ን ወደ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) የሚጎትት ነገር ከተገናኘ ቦርዱ ፕሮግራሙን ትቶ ኮድ መቀበያ ሁኔታ ውስጥ ይገባል። ከዲ2 ቀጥሎ ያለው ዲ3 እንዲህ ያለ ጠባይ እንዳለው ከጽሑፉ ማንም አይገምትም። እኔ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የማገናኘው ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ5፣ ዲ6 ወይም ዲ7 ላይ ብቻ ነው።