ከመሠረት ድንጋዩ በፊት የሚገዛው ሰነድ፦ የአውሮፕላን ማረፊያ የአዋጭነት ጥናት እንደ አገልግሎት ሲገመገም

አንድ አካባቢ አዲስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሊገነባ ሲያስብ ከመሬቱም ከአስፋልቱም ከመቆጣጠሪያ ማማውም በፊት የሚገዛው የአዋጭነት ጥናት ነው። ከእርሱ ጋር ወይም ከእርሱ ቀጥሎ ማስተር ፕላኑ ይመጣል፤ ሁለቱንም ብዙውን ጊዜ የሚያዘጋጀው በጨረታ የተመረጠ አማካሪ ድርጅት ነው። ስለ ተርሚናሎች ውበት፣ ስለ ወረፋና ስለ ጠፋ ሻንጣ ብዙ ግምገማ ተጽፏል፤ ማረፊያው ይሠራ ወይስ ይቅር የሚለውን ስለሚወስነው ስለዚህ አገልግሎት የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከገዢው ወገን ተቀምጬ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ገና ረቂቅ ሳሉ ሳነብና አስተያየት ስሰጥ ስለቆየሁ፣ በገንዘብ እንደሚገዛ ማንኛውም አገልግሎት ልመዝነው እወዳለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ገዢው ሐሳቡን ለመለወጥ የሚችልበት ጊዜ ሳያልፍ የታዘዘ ጥናት ከተከፈለበት ገንዘብ እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ቦታው በአደባባይ ከተነገረና የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ በኋላ የታዘዘ ግን ላለቀ ውሳኔ የሚደረብ ካባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ሲጠናቀቅ የሚረከቡት በርካታ ጥራዝ ነው፦ የመንገደኛና የጭነት ትንበያ፣ የቦታ መረጣ፣ የአየር ጠባይና የአየር ክልል ጥናት፣ የአቀማመጥ ንድፍ፣ የአካባቢና የማኅበረሰብ ተፅዕኖ ግምገማ፣ የወጪ ግምትና የፋይናንስ ትንተና። የበላይ ኃላፊዎች በአብዛኛው የሚያነቡት የመጀመሪያውን ጥራዝ ማጠቃለያ ነው፤ በስብሰባ ላይ የሚታየውም በባለ ቀለም ሥዕል የተሠራው ተርሚናል ነው። እኔ የለመድኩት ከአባሪዎቹ መጀመርን ነው፤ አጥኚው ቦታው ድረስ ሄዶ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው እዚያ ነውና።

ከአባሪዎቹ ሁሉ አስቀድሜ የምገልጠው የነፋሱን ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ ኢካኦ፣ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን መሠረታዊ ውል በሆነው በቺካጎ ስምምነት አባሪ 14 ላይ የማኮብኮቢያዎች ቁጥርና አቅጣጫ ሲወሰን ማረፊያው እንዲያገለግላቸው ለታሰቡት አውሮፕላኖች ከጊዜው ቢያንስ 95 በመቶ ያህሉን በጎን ነፋስ፣ ማለትም ማኮብኮቢያውን በአግድም በሚያቋርጥ ነፋስ፣ ሳይታወክ ክፍት እንዲሆን ይመክራል፤ ረጅም ማኮብኮቢያ ለሚፈልጉት ትልልቅ አውሮፕላኖች በስሌቱ የሚያዘው የጎን ነፋስ ወሰንም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ ስሌት የሚውለው የነፋስ መዝገብ በተቻለ መጠን ረጅም ዘመን የሚሸፍን፣ ቢቻል ከ5 ዓመት የማያንስ፣ በቀንም ቢያንስ 8 ጊዜ በእኩል የሰዓት ልዩነት የተወሰደ ሊሆን ይገባዋል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ተርሚናል ቢጠብ ይሰፋል፣ አንዴ የተነጠፈ ማኮብኮቢያ ግን አቅጣጫው አይዞርም። የማኮብኮቢያው ርዝመትም በግምት የሚነገር አይደለም። በመነሻ ስሌቱ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር መሠረታዊው ርዝመት፣ ማለትም በባሕር ወለልና በመደበኛ ሁኔታ የሚበቃው፣ በ7 በመቶ ያድጋል፤ የአየሩ ሙቀት ለዚያ ከፍታ ከተቀመጠው መደበኛ ሙቀት በበለጠበት በእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 1 በመቶ ይጨመርበታል። ስለዚህ ከሌላ አገር የተቀዳ የማኮብኮቢያ ርዝመት በጥናት ውስጥ ባየሁ ቁጥር የሙቀቱንና የከፍታውን ስሌት እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ።

በአንድ ረቂቅ የገጠመኝ ይህ ነበር። ዋናው ጥራዝ የተመረጠው የማኮብኮቢያ አቅጣጫ ከተፈለገው 95 በመቶ በላይ እንደሚያሟላ ያለ ጥርጣሬ ይናገራል፤ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት የሚያሳየው ክብ ሥዕልም በሚገባ ተስሏል። ሥዕሉ የተሠራበትን ሰንጠረዥ ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ለእያንዳንዱ ቀን የተሞሉት 3 መስመሮች ብቻ ሆነው አገኘኋቸው፦ የጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የቀትሩ 6 ሰዓትና የከሰዓት በኋላው 9 ሰዓት። ሌሊቱና ማለዳው የሉም። በሰንጠረዡ ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ደግሞ መዝገቡ የ2 ዓመት ብቻ መሆኑንና የመለኪያ ጣቢያው ከታሰበው ቦታ ሸንተረሩን ተሻግሮ በሌላ ሸለቆ ውስጥ እንደሚገኝ ይገልጻል። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፤ አንድም የቁጥር ስህተት የለበትም። የተሰላው ግን የሌላ ሸለቆ የቀን ነፋስ ነው።

ይህን ጉዳይ ማጋነን የሚመስለው ሰው ቢኖር የሴንት ሄሌናን ደሴት ያስብ። የብሪታንያ መንግሥት 285 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ያወጣበት የደሴቲቱ ማረፊያ በ2016 አገልግሎት ሊጀምር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በአንደኛው የማረፊያ አቅጣጫ በሚነሣው ድንገተኛ የነፋስ መለዋወጥ ምክንያት መደበኛው የንግድ በረራ ሳይጀመር ቀረ። የመጀመሪያው መደበኛ የንግድ በረራ የደረሰው በኦክቶበር 2017 ነው፤ ያውም በሙከራው ጊዜ ከመጣው ቦይንግ 737 ባነሰው በኤምብራየር 190 ነበር።

ከሁሉም ደካማ ሆኖ ያገኘሁት የመንገደኛ ትንበያው ነው፤ ያም ሆኖ የተርሚናሉ ስፋት፣ የብድሩ መጠንና የመክፈያው ጊዜ የሚቆሙት በእርሱ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር የሕዝብ ቁጥር፣ የኢኮኖሚ ዕድገትና የቱሪስት ፍሰት ተወስዶ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ወደፊት ይዘረጋል፤ ከዚያም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሚባሉ 3 መስመሮች ይሰመራሉ። ገዢው ዓይኑን መጣል ያለበት በዝቅተኛው ላይ ነው። ከላይ በጠቀስኩት ረቂቅ ዝቅተኛው መስመር እንኳ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው ያለማቋረጥ ይወጣ ነበር፤ ቁጥሩ ባለበት የቆመበት ወይም የወረደበት አንድም ዓመት የለም። በ2020 የዓለም የመንገደኛ ቁጥር ከቀደመው ዓመት 60 በመቶ ያህል መውረዱን ካየን በኋላ እንዲህ ያለውን መስመር ዝቅተኛ ብሎ ማቅረብ ለገዢው ትልቅ በደል ነው፤ ብድሩን የሚከፍለው እርሱ ነውና። የበለጠ ያሳዘነኝ ደግሞ በትንበያው ምዕራፍ የአንድም አየር መንገድ ድምፅ አለመኖሩ ነው። መንገደኛ የሚመጣው አየር መንገድ መስመሩ ያዋጣኛል ብሎ አውሮፕላን ሲመድብ ነው፤ ለዚያውም በሁለቱ አገሮች መካከል የበረራ መብት ስምምነት ሊኖር ይገባል።

የካናዳው ሚራቤል በዚህ ረገድ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ነው። በ1975 የተከፈተው ይህ ማረፊያ 39 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ተወስዶለት ነበር፤ የሞንትሪያል የወደፊት ዋና በር ይሆናል ተብሎ ታምኖበታል። የአገር ውስጥ በረራው ግን በከተማዋ አሮጌ ማረፊያ በዶርቫል ቀረ፣ ተስፋ የተሰጠበት ፈጣን ባቡር አልተዘረጋም፣ ረጅም ርቀት የሚበሩ አውሮፕላኖች በመምጣታቸውም በዚያ ማረፍ አስፈላጊ አልሆነም። በ2004 የመንገደኛ በረራው አበቃ፤ ከ2014 ጀምሮ ተርሚናሉ ፈረሰ። በስፔን የሚገኘው ሲዩዳድ ሪያል ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበትና 4 ኪሎ ሜትር ያህል ማኮብኮቢያ ተነጥፎለት በ2008 ተከፈተ፤ በ2012 ተዘጋ። የአውሮፓ ኅብረትን ወጪ የሚመረምረው የአውሮፓ ኦዲተሮች ፍርድ ቤት በ2014 ባወጣው ሪፖርት በ5 አገሮች የሚገኙ 20 ማረፊያዎችን መርምሮ፣ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ተቀራርበው እንደተሠሩና ከሚያስፈልገው በላይ እንደሰፉ፣ ለወጣውም ገንዘብ የተገኘው ጥቅም አነስተኛ እንደሆነ ደምድሟል። ስለዚህ ጎረቤት ማረፊያዎች የሚጋሩትን መንገደኛ በመኪና ጉዞ ሰዓት ለይቶ የማያሳይ ጥናት ከደረሰኝ እመልሰዋለሁ።

የፋይናንሱ ምዕራፍ ብዙ ሐተታ አይፈልግም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በቀን አንድ በረራ ብቻ ያለው ማረፊያ ቢሆንም፣ የእሳት አደጋ ቡድኑ በ3 ደቂቃ ውስጥ ማኮብኮቢያው ላይ መድረስ እንዲችል ሠራተኛውና ተሽከርካሪው ተሟልቶ መጠበቅ አለበት። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪውና የደኅንነት ፈታሹም እንዲሁ ናቸው። ይህ ቋሚ ወጪ መንገደኛ ቢያንስ አይቀንስም። እንግዲህ ጥናቱ የግንባታውን ዋጋ ብቻ አጉልቶ የማስኬጃውን ጉድለት ማን እንደሚሸፍን በስም ካልገለጸ፣ ሸክሙ ያልተጠየቀው ከፋይ ላይ መውደቁ አይቀርም።

ፖለቲካው በብዛት የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው “ዓለም አቀፍ” የሚለው ቃል ነው። በቺካጎ ስምምነት አባሪ 9 ትርጓሜ መሠረት ዓለም አቀፍ ማረፊያ ማለት መንግሥት የዓለም አቀፍ በረራ መግቢያና መውጫ ብሎ የሰየመው፣ የጉምሩክ፣ የኢሚግሬሽን፣ የሕዝብ ጤናና የእንስሳትና ዕፅዋት ኳራንቲን ሥርዓት የሚፈጸምበት ቦታ ነው፤ በትርጓሜው ውስጥ የማኮብኮቢያ ርዝመትም የተርሚናል ስፋትም አልተጠቀሰም። በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ግን ቃሉ የክብር ማዕረግ ይሆናል፤ ጎረቤት አካባቢ ካገኘው እኛስ ምን ጎደለን ይባላል። ጥሩ ጥናት እነዚህ መሥሪያ ቤቶች በስንት ሠራተኛና በስንት ሰዓት ፈረቃ እንደሚቆሙ፣ ደመወዙንም ማን እንደሚከፍል አብሮ ያሰላል። እስካሁን ካነበብኳቸው ይህን ያደረገው አንዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር የቦታ መረጣው ነው። በስሪ ላንካ በ2013 የተከፈተው የማታላ ማረፊያ የተሠራው በወቅቱ ፕሬዚዳንት ማሂንዳ ራጃፓክሳ የትውልድ አካባቢ ሲሆን ስሙም በእርሳቸው ነው፤ 209 ሚሊዮን ዶላር ከፈጀው ወጪ 190 ሚሊዮኑ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የመጣ ነው። በ2015 መጀመሪያ መንግሥት ሲለወጥ የአገሪቱ አየር መንገድ በረራውን አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት መጋዘኖቹ ሩዝ ማከማቻ ሆኑ። ጥናት በጥልቀት ተሠርቶም ፖለቲካው ሊጥለው እንደሚችል ደግሞ የእንግሊዙ የሮስኪል ኮሚሽን ያሳያል። በ1968 የተቋቋመው ይህ ኮሚሽን ለለንደን ሦስተኛ ማረፊያ 4 ቦታዎችን አወዳድሮ በ1971 ኩብሊንግተንን መረጠ፤ መንግሥት ግን ተቃውሞው ስለበረታበት በባሕር ዳርቻ ያለውን ፋውልነስን ወሰደ፤ በ1974 እርሱም ተሰረዘ፤ በመጨረሻ የሰፋው ከ4ቱ መካከል ያልነበረው ስታንስተድ ነው። እንዲህም ሆኖ የሮስኪልን ሥራ አከብራለሁ፤ ስሌቱን በአደባባይ አውጥቶ ተቃዋሚ ሁሉ እንዲሞግተው አድርጓልና።

ገዢዎች ሁሉ እንዲጠይቁት አጥብቄ የምለምነው ደግሞ ያለውን ማረፊያ የማሻሻል አማራጭ ነው። በፈረንሳይ ናንት አቅራቢያ በኖትር ዳም ደ ላንድ ሊሠራ የታሰበው ማረፊያ በ2008 የሕዝብ ጥቅም ፕሮጀክት ተብሎ ታወጀ፤ በ2016 በአካባቢው በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶ ደጋፊ አገኘ፤ ሆኖም በጃንዋሪ 2018 መንግሥት ሰርዞት ነባሩን ማረፊያ ለማዘመን ወሰነ። ሁለቱን አማራጮች ጎን ለጎን አድርጎ ለመንግሥት ያቀረበው የሸምጋዮች ሪፖርት የወጣው ከስረዛው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ያ ንጽጽር የአሥርታት ክርክርና ግጭት ከመድረሱ በፊት በመጀመሪያው ጥናት ውስጥ መቅረብ ነበረበት። በተነሺዎች በኩልም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ በጃፓን ናሪታ ገበሬዎች ሳይመከሩ ቦታው በመወሰኑ ለዓመታት ደም ያፋሰሰ ትግል ተደርጓል፤ ማረፊያው በ1978 የተከፈተውም ተቃዋሚዎች የመቆጣጠሪያ ማማውን ሰብረው ገብተው መሣሪያዎቹን ካወደሙና መክፈቻው ከተራዘመ በኋላ ነው።

አገልግሎቱን ለመግዛት ለሚያስብ ምክሬ በቢጋሩ፣ ማለትም የአማካሪውን ሥራና ግዴታ በሚዘረዝረው ሰነድ፣ ላይ እንዲበረታ ነው። የቅድመ አዋጭነት ጥናቱ ተለይቶ ይታዘዝ፤ “አይሠራ” የሚል ውጤት ቢመጣ አማካሪው ሙሉ ክፍያውን እንደሚያገኝ በግልጽ ይጻፍ፤ አጥኚው በኋላ የንድፉንና የቁጥጥሩን ሥራ እንዳይወዳደር ይከልከል፤ አለዚያ “ይሠራ” በማለቱ የሚጠቀመው እርሱ ራሱ ይሆናል። የትንበያው ስሌት በሚከፈት ሰንጠረዥ ይሰጥ፤ ለእኛ የደረሰን የማይነካ የሰነድ ቅጂ ስለነበር ዝቅተኛውን መስመር ለመፈተን ቁጥሮቹን በእጃችን ገልብጠናል።

ስለ ነፋሱ ያቀረብኩት ጥያቄ መልስ ያገኘው ከ6 ሳምንት በኋላ ነበር፤ አማካሪው በመጀመሪያ መዝገቡ “ለዚህ ደረጃ በቂ ነው” ሲል ተከራከረ፤ ኋላ ግን ቦታው ላይ የመለኪያ ምሰሶ ለመትከል ተስማማ፤ ይህን በመልካም ጎኑ እመዘግብለታለሁ። ምሰሶው አሁን ቀንና ሌሊት እየመዘገበ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሮች እንደሚያሳዩት ሌሊት ነፋሱ ከሸንተረሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ በረቂቁ ላይ የተሠመረውን ማኮብኮቢያም በአግድም ያቋርጠዋል። አቅጣጫው እንደገና እስኪሰላ ድረስ የቦታ መረጣው ምዕራፍ እንዳይጸድቅ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።