ፑቲሎቭ ወይስ ሞቶቪሊካ?

ሁለቱም መድፍ ሲሠሩ የኖሩ የሩሲያ ፋብሪካዎች ናቸው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የሴንት ፒተርስበርጉ ፑቲሎቭ የገነነው በፖለቲካ ነው። በ1905ም በ1917ም አብዮት ሲቀጣጠል ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ነበር። በኋላ ኪሮቭ ተባለ፣ ትራክተር ሁሉ ሠራ።

እኔ ግን ለፐርም ከተማው ሞቶቪሊካ አደላለሁ። በ1736 መዳብ ለማቅለጥ ተከፈተ። በ1868 አፈሙዙ 20 ኢንች፣ ማለትም ጭንቅላት ዘው የሚልበት ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መድፍ አወጣ። ኒኮላይ ስላቭያኖቭም በ1888 እየቀለጠ በሚበይድ የብረት ዘንግ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ብረት የበየደው እዚያው ነው፤ ዛሬ ሰፈራችን በር የሚሠራው በያጅ ብልጭ የሚያደርጋት ኤሌክትሮድ የዚያ ዘር ናት። እኛ ቢኤም የምንለው የሮኬት ማስወንጨፊያስ የት ይመረት የነበረ መሰላችሁ? ፐርም!